የክልል አማካይ ማንንም አያበላም፦ ስለ ጣና ዳር ድህነት ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በባሕር ዳር ሰው ሲቀባበለው የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ የአማራ ክልል ከብዙዎቹ ክልሎች ይልቅ ድሃ ነው፤ የመንግሥት የድህነት ሠንጠረዥ ለዚህ ምስክር ነው። ክልሉ ከሚያስገባው ይልቅ በድጎማ የሚቀበለው ይበልጣል። ባሕር ዳር ላይ የሚታየው ፎቅ ግን ገንዘብ እንዳለ ያሳያል። ጣናን የሚያህል ውሃ አጠገቡ እያለ የሚደኸይ ገበሬ ጥፋቱ የራሱ ነው። የጣና በለስ መብራት ብቻውን ክልሉን ሊያበለጽግ ይችል ነበር። መፍትሔው ደግሞ ወጣቱን ከማሳ አውጥቶ ኢንዱስትሪ ፓርክ ማስገባት ነው።

ጽሑፉ ቁጥር አለው፤ አማርኛውም ያማረ ነው። ዝም ከተባለ ይታመናል። ከስድስቱ ነጥቦች አንዱ፣ የገበሬውን የሚመለከተው፣ ግማሽ ያህል እውነት ስላለው ሰፋ አድርገን እንመለስበታለን። የቀሩት ግን ቁጥሩን ከተወለደበት ነጥለው ያነበቡ ናቸው።

«ሠንጠረዡ ራሱ ይናገራል»

ጸሐፊው የጠቀሱት በ2008 ዓ.ም. የተሰበሰበውን የቤተሰብ ፍጆታና ወጪ ጥናት ነው። በዚያ ጥናት ከድህነት ወለል በታች የተገኘው ሕዝብ በአገር ደረጃ 23.5 በመቶ፣ በትግራይ 27.0፣ በአማራ 26.1፣ በኦሮሚያ 23.9፣ በሶማሌ 22.4፣ በያኔው ደቡብ ክልል 20.7፣ በአዲስ አበባ 16.8፣ በሐረሪ 7.1 ነበር። እስከዚህ ድረስ አገለባበጣቸው ትክክል ነው። ስህተቱ «ስለዚህ ሐረሪ የአማራን አራት እጥፍ ሀብታም ነው» ሲሉ ይጀምራል።

ሠንጠረዡ ሀብትን አይለካም፤ ገቢንም አይለካም። የሚለካው ፍጆታን ነው። ቤተሰቡ ገዝቶ የበላው፣ ከጓሮውና ከጎተራው አውጥቶ የበላው፣ ለልብስና ለቤት ያወጣው ሁሉ በብር ተተምኖ ይደመራል። ሕፃንና ጎልማሳ እኩል ስለማይበሉ ድምሩ የሚካፈለው ለራስ ቁጥር ሳይሆን በዕድሜና በጾታ ተመዝኖ ወደ አዋቂ ለተቀየረ ቁጥር ነው። ከዚያ የየአካባቢው የዋጋ ልዩነት ይስተካከላል፤ በመጨረሻ ከወለሉ ጋር ይተያያል። በ2008 ዓ.ም. ወለሉ ለአንድ አዋቂ በዓመት 7,184 ብር ነበር፤ በቀን 19 ብር ከ68 ሳንቲም ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ 3,772 ብሩ በቀን 2,200 ኪሎ ካሎሪ የሚሰጥ ምግብ መግዣ ነው። በዓመት 7,100 ብር የሚፈጅ ሰው ድሃ ይባላል፤ 7,300 ብር የሚፈጅ ጎረቤቱ አይባልም። ሁለቱ አንድ እድር ውስጥ ያሉ ሰዎች ናቸው።

ከባሕር ዳር በስተደቡብ ያለችውን የሜጫ ወረዳ ገበሬ እንውሰድ። ሦስት ቃዳ (አንዱ ቃዳ ሩብ ሄክታር ነው) መሬቱን ባሕር ዛፍ ተክሎ ዛፉ ለሽያጭ እስኪደርስ አራትና አምስት ዓመት ሆዱን አስሮ የሚኖር አለ። ጥናቱ በሁለተኛው ዓመት ቢደርስበት ከወለሉ በታች ሊገኝ ይችላል። ሀብቱ ማሳው ላይ ቆሞ እየታየ ነው፤ ሠንጠረዡ ግን ለዛፍ ዓምድ የለውም።

ከዚህ ይልቅ ጸሐፊው ያለፉት ነገር ይበልጥ የሚያነጋግር ነው። ከዚያ በፊት በነበረው የ2003 ዓ.ም. ጥናት አዲስ አበባ 28.1 በመቶ፣ አማራ 30.5 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ 2.4 ነጥብ ብቻ ነበር፤ በአምስት ዓመት ውስጥ 9.3 ነጥብ ሆነ። አዲስ አበባ «ከጥንት ጀምሮ ሀብታም» ቢሆን ኖሮ የ2003ቱ ቁጥር እንዲህ አይመጣም ነበር። በእነዚያ አምስት ዓመታት በአገሪቱ የከተማ ድህነት ከ25.7 ወደ 14.8 በመቶ ሲወርድ፣ የገጠሩ ከ30.4 ወደ 25.6 ብቻ ነው የወረደው። ክልሎች የተራራቁ የመሰለው ከተማና ገጠር ስለተራራቁ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከአማራ ክልል ነዋሪ ከተማ ውስጥ ይኖር የነበረው ከስምንት ሰው አንድ ያህል ነበር። ሐረሪ ውስጥ ግን ከግማሽ በላይ ከተሜ ነው፤ አዲስ አበባማ መላው ከተማ ነው። ሐረሪን ከአማራ ማወዳደር አንድን ከተማ በሺህ ከሚቆጠሩ የገጠር ቀበሌዎች ጋር ማወዳደር ነው።

ከተሜነት ሁሉንም ያስረዳል ብለን ግን አንከራከርም። የያኔው ደቡብ ክልል ከአማራ ያነሰ ከተሜ ነበረው፤ የድህነት ቁጥሩ ግን ዝቅተኛ ነው። ከጓሮ የሚበላ እንሰትና ሥራ ሥር በዋጋ ተተምኖ መቆጠሩ እዚያ ላይ ክብደት አለው። የሶማሌንና የአፋርን ቁጥር ከዓመት ዓመት የሚያነጻጽር ደግሞ ተዘዋዋሪ አርብቶ አደሮች የሚኖሩባቸው ዞኖች በ2003ቱ ጥናት እንዳልተካተቱ አይዘንጋ።

26.1 የሚለው ቁጥር ከሁሉ በላይ የሚደብቀው የክልሉን የውስጥ ልዩነት ነው። ራቅ ብሎ ድርቅ ወደሚደጋገምበት ሰቆጣ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ደቡብ ጎንደር ዞንን ብቻ እንይ፦ ፎገራ የሩዝ አገር ነው፤ በዚያው ዞን ያሉት እብናት፣ ስማዳ፣ ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት ደግሞ የሴፍቲ ኔት፣ ማለትም የምግብ ዋስትና ለሌላቸው ቤተሰቦች ድጋፍ የሚሰጥ ፕሮግራም፣ ወረዳዎች ናቸው። አንድ ዞን፣ አንድ የዞን በጀት፣ አንድ የፍርድ ቤት መዝገብ፤ ኑሮው ግን የሁለት አገር ነው። «አማራ ድሃ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለፎገራው ገበሬም ለእብናቱም የሚነግራቸው ነገር የለም።

በመጨረሻ፣ ይህ ቁጥር የተሰበሰበው ከሰሜኑ ጦርነት በፊት፣ በክልሉ ውስጥ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ካለው ግጭት በፊት፣ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከመለቀቁም በፊት ነው። ጸሐፊው ግን «ነው» እያሉ ይጠቅሱታል። «ነበር» ማለት ይገባቸው ነበር።

«ከሚያስገባው የሚቀበለው ይበልጣል»

ይህ ክርክር የሚጸናው ግብር የሚሰበሰብበት ቦታና ሀብት የሚፈጠርበት ቦታ አንድ ከሆኑ ብቻ ነው፤ አይደሉም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 96 የገቢና ወጪ ንግድ ቀረጥን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። በአንቀጽ 97 ለክልል የተተወው የክልሉ ሠራተኞችና የግል ድርጅት ተቀጣሪዎች የሥራ ግብር፣ የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያ፣ የእርሻ ገቢ፣ የግለሰብ ነጋዴ ግብርና የመሳሰለው ነው። የኩባንያ ትርፍ ግብር በአንቀጽ 98 የጋራ ነው። በጅቡቲ ድንበር፣ ጋላፊ ላይ የሚቀረጥ መኪና የአፋርን ሀብት እንደማያሳይ ሁሉ፣ ሜጫ ላይ የማይቀረጥ ማዳበሪያም የሜጫን ድህነት አያሳይም። ባሕር ዳር ቅርንጫፉ ላይ ያተረፈ ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ከሆነ ሒሳቡን የሚዘጋውም ግብሩን የሚያሳውቀውም እዚያ ነው። ትርፉ ጣና ዳር ተገኝቶ ደረሰኙ አዲስ አበባ ይቆረጣል።

ድጎማው ራሱ ምጽዋት አይደለም። ቀመሩን የሚያወጣው በአንቀጽ 62 መሠረት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ስሌቱ የክልሉን የወጪ ፍላጎት (የተማሪ ቁጥር፣ ጤና፣ መንገድ፣ ውሃ፣ አስተዳደር) ያሰላና ገቢ የማመንጨት አቅሙን ይቀንሳል፤ የሚሞላው ቀሪው ክፍተት ነው። ለዓመታት ሲሠራበት በቆየው ቀመር የአማራ ድርሻ ወደ 21.6 በመቶ ነበር። በ1999ኙ ቆጠራ ክልሉ ከአገሪቱ ሕዝብ የነበረው ድርሻ 23.3 በመቶ ነው፤ ያ ቆጠራ ራሱ በተለይ በአማራ ቁጥር ላይ ሲያከራክር የኖረ መሆኑን ሳንቆጥር። ስለዚህ በነፍስ ወከፍ ሲታይ ክልሉ «የሚበላው» ከአማካዩ ያንሳል። ሕዝባቸው ትንሽ የሆነ ክልሎች በነፍስ ወከፍ ብዙ የሚያገኙት አድልዎ ስላለ አይደለም። ቢሮ፣ ምክር ቤትና ሆስፒታል ለጥቂት ሰውም ለብዙ ሰውም መቋቋም ስላለባቸው ነው።

«ፎቁን እዩት»

ባሕር ዳር ላይ ብዙ ፎቅ መኖሩ እውነት ነው፤ ፎቁ ግን የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው። ብሔራዊ ባንክ ለቁጠባ የወሰነው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ሆኖ ሳለ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ገንዘቡን ባንክ ያስቀመጠ ሰው በዓመት ከአምስት ብር አንድ ብር ያህል አቅም ያጣ ነበር። ሲሚንቶና ብረት የገዛ ግን ቢያንስ ቆሞ ይጠብቀዋል። ለዚህ ነው አንድ ፎቅ በአንድ ብድር ሳይሆን ገንዘብ በተገኘ ቁጥር በወለል በወለል የሚነሣው፤ ከላይ ፌሮው ራሱን አውጥቶ ለዓመታት የሚቆመውም ለዚህ ነው። ሕንፃ የተሸሸገ ቁጠባ ነው። ፋብሪካ አይደለም፤ ኪራይ ካልተገኘለትም ገቢ አይደለም።

ከዚህ ጋር የብድሩም ነገር አለ። ባንክ የሚወደው መያዣ የከተማ ቤትና መኪና ነው። የክልሉ የ2009 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ገበሬው የመጠቀም መብቱን በዋስትና እንዲያስይዝ ፈቅዷል፤ ግን ሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ፣ ማለትም ማሳው በካርታ የተለካበት ደብተር፣ ያስፈልገዋል። የመጀመሪያው ደብተር ብቻ ያለው ገበሬ ከእነ መሬቱ ከባንኩ በር ይመለሳል።

«ውሃ አጠገቡ እያለ የደኸየ ገበሬ»

ግማሽ እውነት ያልነው ይህን ነው። ውሃ አለ፤ ከምርቱ ላይ የሚባክነውም ብዙ ነው። ነገር ግን «አያውቅም፣ አይሠራም» ማለት ሌላ፣ ምን ላይ እንደሚሸነፍ ማየት ሌላ።

ቆጋን እንውሰድ። መራዊ አጠገብ ያለው ግድብ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል፤ 7,000 ሄክታር ያህል ለማጠጣት ነው የተሠራው። ውሃው የሚለቀቀው የመኸሩ ሰብል ከተነሣ በኋላ፣ በየብሎኩ በተራ ነው። ስለዚህ ገበሬው ሽንኩርቱን መቼ እንደሚያዛውር የሚወስነው እሱ ሳይሆን ቦዩ ነው። ችግኙ መደብ ላይ ከ45 እስከ 55 ቀን ይቆያል፤ ከተዛወረ በኋላ ከ90 እስከ 120 ቀን ይፈልጋል። ተራው ከሌላው ጋር እኩል ደረሰ ማለት ቁፋሮውም እኩል ደረሰ ማለት ነው። ዘግይቶ ለማዛወር የሚሞክር ሁለት ነገር ያገኘዋል፦ የግድቡ ውሃ ያልቅበታል፣ ወይም የግንቦትና የሰኔ ዝናብ ኮረቱን ያበሰብስበታል። በዚያ ላይ የፎገራ ሽንኩርትም በዚያው ሰሞን ይወጣል። ሁሉም የሚጠብቀው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ያለውን የአዲስ አበባ አትክልት ተራ ነው። ደላላው ማሳው ዳር ቆሞ ስልክ ደውሎ ዋጋ ሲሰማ ገበሬው ሌላ የሚደውልለት የለውም።

ለስሌት እንዲመች ብቻ፣ ከአንድ ቃዳ 40 ኩንታል ወጣ እንበል። በቁፋሮው ሰሞን ኪሎው 8 ብር ቢሸጥ 32,000 ብር ነው። ሁለት ወር ቆይቶ ኪሎው 20 ብር ቢገባና በማቆየት ሩቡ እንኳ ቢበላሽ፣ የቀረው 30 ኩንታል 60,000 ብር ያመጣል። ሩቡን ጥሎም ወደ እጥፍ የተጠጋ ማለት ነው። ታዲያ ለምን አያቆየውም? አብዛኛው የማይቆይ ሽንኩርት አምርቶ ነው፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው በከፊል ትክክል ናቸው። ኪሎ እንዲያነሣለት ዩሪያን አዘግይቶ የጨመረ ገበሬ አንገቱ ወፍራም ሽንኩርት ያገኛል። ወፍራም አንገት አይደርቅም፤ ብስባሴው በዚያ ይገባል። ውሃ ከቁፋሮ በፊት ከ10 እስከ 15 ቀን መቆም ሲገባው፣ ተራው ስለደረሰ ብቻ እስከ መጨረሻው የሚያጠጣ ብዙ ነው።

የሚቆይ ሽንኩርት እንዲህ ነው የሚያዘው። ከማሳው ግማሽ እስከ 70 በመቶ የሚሆነው ቅጠል በራሱ ሲወድቅ ይቆፈራል። ፀሐይ እንዳይፈጀው በቅጠሉ ተሸፋፍኖ ወይም ጥላ ሥር ለ10 ቀን ያህል ይጠወልጋል፤ አንገቱ በጣት ሲታሽ የማይንሸራተትና ደረቅ መሆን አለበት። ከዚያ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ተትቶ ይቆረጣል። የተቀጠቀጠ፣ የቆሰለና መንታ የሆነው ይለይና መጀመሪያ ይሸጣል። ማቆያው ጣሪያው ሳር፣ ግድግዳው ንፋስ የሚያሳልፍ ሽመል፣ ወለሉ ከመሬት ከፍ ያለ ቆጥ ነው። በአንድ ቆጥ ላይ ከ40 ሳንቲ ሜትር በላይ አይከመርም፤ ከዚያ ካለፈ መሐሉ ይሞቃል፣ ያበቅላል። በጆንያ ተሞልቶ ግድግዳ ሥር የተደረደረ ሽንኩርት በወር ውስጥ ያልቃል። ይህ ማቆያ ሙያም ገንዘብም ብዙ አይፈልግም። የሚፈልገው ገበሬው በሁለቱ ወራት ውስጥ የማዳበሪያ ዕዳውንና የቤት ወጪውን የሚከፍልበት ገንዘብ ነው። ዕዳ ያለበት ሰው 8 ብር የሚሸጠው 20 ብር እንደሚሆን ሳያውቅ አይደለም።

ፎገራ ላይ ታሪኩ በሩዝ ይደገማል። 100 ኪሎ ያልተፈለፈለ ሩዝ ወደ 20 ኪሎ ገለባ፣ 10 ኪሎ ገደማ ብጣሪ፣ በጥሩ ማሽን ደግሞ ከ65 እስከ 68 ኪሎ ነጭ ሩዝ ይወጣዋል። ባንድ ጊዜ አሳልፎ በሚፈለፍል የብረት ሲሊንደር ማሽን ግን የሚወጣው ያንሳል፤ የወጣውም ብዙው ስብርባሪ ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው ከማሽኑ በፊት ነው። ሩዙ ሲታጨድ እርጥበቱ ከ20 በመቶ ያልፋል፤ ለመፈልፈል ወደ 14 መውረድ አለበት። ታጭዶ በክምር ለሳምንታት ሲቆይ ሌሊት ጤዛ ይጠጣል፣ ቀን ፀሐይ ያደርቀዋል፤ ፍሬው ከውስጥ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ በዓይን አይታይም፤ ማሽኑ ውስጥ ሲገባ ብቻ ይሰበራል። ከዚያ አፈር አውድማ ላይ በበሬ ሲበራይ ጠጠር ይቀላቀላል። ከተማ የሚገባው ሩዝ ስብርባሪና ጠጠር ካለው ደንበኛው ከውጭ የመጣውን ያነሣል። በፎገራዋ ከተማ ወረታ ላይ የቀረው ልዩነት፣ በሸራ ላይ ማድረቅና ጠጠር መለያ ወንፊት ያለው ማሽን፣ በዓመት ስንት ብር እንደሚያስቀር ማስላት የክልልን አማካይ ከመከራከር ይልቅ የሚጠቅም ሥራ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በጽሑፉ ጨርሶ አልተነሣም። በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ፣ በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ዳርቻ እምቦጭ የወረረው ባሕር ሸሽ መሬት ነው። ውሃው ሲሸሽ የሚዘራበትን ያን መሬት እምቦጩ ሲሸፍነው ገበሬው በመጀመሪያ አረሙን በእጁ ነቅሎ ማውጣት አለበት። ከዘሩ በፊት የሚወጣው ጉልበት ወጪ ነው፤ በምንም ሠንጠረዥ ግን አልገባም።

«የጣና መብራት ብቻ ያበለጽገን ነበር»

ጣና በለስ በግንቦት 2002 ዓ.ም. ሲመረቅ የተሰጠው 460 ሜጋ ዋት አቅሙ ነው፤ ጸሐፊው ግን በዓመቱ ሰዓት ሁሉ አባዝተውታል። ከሐይቁ ኩንዝላ አጠገብ ተጠልፎ በ12 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋሻ ወደ በለስ የሚሄደው ውሃ በአማካይ በሰከንድ 77 ሜትር ኩብ ታስቦ ነው፤ ተርባይኖቹ ሁሉ ቀንና ሌሊት ሙሉ ኃይል አይሠሩም። የሚመረተው ኃይል ደግሞ ወደ ብሔራዊው መረብ ይገባል። የሽያጩ ገቢ የፌዴራሉ ተቋም ነው፤ ታሪፉም በአገሪቱ ሁሉ አንድ ነው። ጣና ዳር ያለ ቤት ለመብራቱ የሚከፍለው ጅግጅጋ ያለው የሚከፍለውን ነው። ይህ ተገቢ ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ «ይበለጽግ ነበር» የሚለው ስሌት ግን መሠረት የለውም። ዋጋ የተከፈለበት ሌላ ቦታ አለ፦ ወደ በለስ የሚሄደው ውሃ ጢስ ዓባይ ላይ አይወርድም። ፏፏቴው ሲቀጥን የአስጎብኚው፣ የጀልባውና የመንደሯ የዕለት ገቢ አብሮ ይቀጥናል።

«ወጣቱን ወደ ፓርኩ»

ደመወዝ ሳይጠቀስ የቀረበ ምክር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ለግል ድርጅት ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለም። በ2011 ዓ.ም. ሐዋሳ ፓርክ ላይ የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ በወር 26 ዶላር ገደማ፣ በወቅቱ ምንዛሪ ወደ 750 ብር ነበር። የ2008ቱ የድህነት ወለል ለአንድ አዋቂ በወር 599 ብር ገደማ ነው፤ ያም ከሦስት ዓመት በፊት በነበረ ዋጋ ነው። አንድ ሠራተኛ ከወለሉ በላይ የምትሆነው ማንንም ካልደገፈች፣ የቤት ኪራይም በጋራ ከከፈለች ብቻ ነው። አሜሪካ ከጥር 2022 በአውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ለአፍሪካ አገሮች ከሰጠችው ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል፣ ካወጣች ወዲህ ደግሞ የፓርኮቹ የልብስ ትዕዛዝ ከቀረጥ ነፃ ገበያውን አጥቷል።

ወረታ ላይ አንድ የተሟላ የሩዝ መፈልፈያ የሚቀጥረው ሰው ጥቂት ነው፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ባለ ሦስት ፌዝ መብራት ሳይቆራረጥለት ቢሠራ፣ አሁን በስብርባሪ የሚጠፋው ሩዝ ዋጋ የሚመለሰው በአምስት ቃዳ ለሚያርሰው ለዚያው ገበሬ ነው፤ የመኖሪያ ኪራይም አያስከፍለውም።